የአያትሽ ጠገራ ብሮች ቀለም ለምን ተቀየረ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ፎቶዎቹን አጉልቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ልድገመው።

አያትሽ ካረፉ በኋላ ሳጥናቸው ሲከፈት በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ገንዘብ ተገኘ። ዘጠኝ ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር)፣ አንድ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) እና አንድ እፍኝ የጃንሆይ ሳንቲሞች ናቸው። አንዱ ማርትሬዛ ከሰል መስሏል። ሁለቱ ጠርዛቸው ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ አውጥተዋል። አንዱ ፊደሎቹ ሥር አረንጓዴ ይዟል። አላዱ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጥላ አለ። የአጎትሽ ልጅ ደግሞ "ላጽዳልሽ" ብሎ አንዱን ማርትሬዛ ከመዳብ ሳንቲሞች ጋር በጣሳ ሎሚ ሲዘፈዝፈው ሮዝ ሆኖ ወጣ። አንድ 25 ሳንቲም ብር ይመስላል፣ የንጉሡ ጉንጭ ላይ ግን ቀልቷል። ያማከርሽው ነጋዴ "እውነተኛ ብር አረንጓዴ አያወጣም፣ ፎርጅድ ነው" ብሎሻል። ጥያቄሽ ሁለት ነው። ምን ነካቸው? እውነተኛ ናቸው?

ነጋዴው ተሳስቷል። በዚህ አባባል የተነሳ ስንት ደህና ማርትሬዛ በርካሽ እንደተሸጠ ሳስብ ስለሚቆጨኝ ከዚሁ ልጀምር።

ማርትሬዛ ንጹሕ ብር አይደለም። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ ነው። 28.07 ግራም የሚመዝን አንድ ማርትሬዛ ውስጥ 4.7 ግራም ገደማ መዳብ አለ ማለት ነው። የምኒልክ ብርም ከዚህ አይርቅም፣ ከ1000 እጅ 835 ብር ነው። መዳብ ደግሞ እርጥበት፣ ላብና ቅባት ሲያገኘው አረንጓዴ ያወጣል። ብርና መዳብ አብረው እርጥበት ውስጥ ሲቀመጡ ቀድሞ የሚበላው መዳቡ ነው። ከውስጥ እየወጣ ላዩ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ መሬት ውስጥ የከረመ ወይም በቆዳ ከረጢት የኖረ እውነተኛ ማርትሬዛ አረንጓዴ ቢያወጣ ምንም አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሳንቲም ቀለም ሲቀይር ብዙ ሰው "ይሄ ቀለም ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ በሥራዬ የለመድኩት ሌላ ጥያቄ ነው፦ "ቀለሙ የት ነው ያለው?" ጠርዙ ላይ ነው ወይስ መሃሉ ላይ? ከፍ ያለው ትከሻና ጸጉር ላይ ነው ወይስ ፊደሎቹ ሥር? ድንበሩ ቁልጭ ያለ ነው ወይስ እየሳሳ የሚጠፋ? ቀለም ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ጥቁረት በድኝም (ሰልፈር) ይመጣል፣ በእሳትም ይመጣል፣ በጥላሸትም ይመጣል። ቦታው ግን ሳንቲሙ ምን ላይ ተኝቶ እንደነበር፣ ከምን ጋር ተጠግቶ እንደነበር፣ አየር በየት በኩል እንዳገኘው ይናገራል።

በዚህ ዓይን ሰማያዊና ሐምራዊ ጠርዝ ያላቸውን ሁለቱን እንያቸው። ብርን የሚያጠቁረው ዋናው ነገር ድኝ ነው። ድኝ ያለበት ጋዝ በጣም በጥቂቱ አየር ውስጥ አለ። ከሽንኩርት፣ ከእንቁላል፣ ከከሰል ጭስ፣ ከሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ይወጣል። ብሩን ሲያገኘው ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ከሚሊሜትር አሥር ሺኛ ያነሰ ውፍረት ሲኖረው ገና ጥቁር አይደለም። ብርሃን ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ ካለው ብር ላይ ተመልሶ ሲገናኝ ቀለም ይፈጥራል። ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ የፈሰሰ ቤንዚን የሚያወጣው ቀለም በዚሁ መንገድ የሚፈጠር ነው። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሙ በተራ ይቀያየራል። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ከዚያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። እየቆየ ግራጫና ጥቁር ይሆናል።

ያንቺዎቹ ላይ ይሄ ተራ ሳይዛነፍ ይታያል። ጠርዙ ሰማያዊ ነው፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ወርቅማ፣ መሃሉ ላይ የንግሥቲቱ ጉንጭ ገና ነጭ ነው። ይህ ማለት ሳንቲሞቹ በሌሎች መሃል ተደራርበው ኖረዋል፣ አየር የሚያገኛቸው በጠርዝ በኩል ብቻ ነበር። ማርትሬዛ ከ1937ቱ የገንዘብ ለውጥ ወዲህ ከገበያ እየወጣ ሳጥን ገባ። ሰማንያ ዓመት ገደማ በዝግታ የተሠራ ቀለም ነው እንግዲህ የያዝሽው። እንዳትነኪው።

የአላዱ ግማሽ ጨረቃም የዚሁ ዘመድ ነው። አንድ ማርትሬዛ ገሚሱን ሸፍኖት ተኝቶ ነበር። የተሸፈነው ብሩህ ሆኖ ቀረ፣ ያልተሸፈነው ጠቆረ። ማርትሬዛ ከአላድ ስለሚሰፋ የቅስቱ ጎበጣ ከአላዱ ጠርዝ ይልቅ ዘርጋ ያለ ነው። አንዱን ማርትሬዛ በቀስታ ብታስጠጊው መስመሩ ላይ ልክ ይገጥማል። ደግሞ ፎቶውን ሳጎላው ከጠቆረው በኩል ደቃቅ የተጠላለፈ መስመር አየሁ። የጨርቅ ድርና ማግ ነው። የነጠላው ክር ብሩን የነካበት ቦታ አንድ ዓይነት፣ በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ሌላ ዓይነት ጠቁሯል። የአያትሽ ቋጠሮ አሻራውን ጥሎበታል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ልቤ ይነካል፣ አልደብቅሽም።

ከሰል የመሰለው ግን ታሪኩ ሌላ ነው። አናቱ ላይ ጠባሳ አለው። ደመና የመሰለ ግራጫ ሐምራዊ ጥላ ከጠባሳው ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ይሄ ሳንቲም አንድ ጊዜ የአንገት ጌጥ ነበር። ብር ሠሪው ማንጠልጠያ ቀለበት በእሳት በይዶበታል፣ በኋላ ቀለበቱ ተነቅሏል። ብሩ ሲግል በውስጡ ያለው መዳብ ከአየር ጋር ተዋህዶ ከላዩ ሥር ይጠቁራል። ይህ ጥቁረት ከላይ የተቀባ ስላልሆነ በማጠብ አይለቅም። በእሳቱ ጥላ ላይ ደግሞ ለዓመታት የድኝ ጥቁረት ተጨምሮበታል። ጠባሳ ባይኖረው "ድኝ ነው" ብዬ አልፈው ነበር።

ወደ አረንጓዴው እንመለስ። ለዓይን ሁሉም አረንጓዴ አንድ ይመስላል፣ ግን አንዱ ከሌላው በጣም ይለያል። የሚለየው መሣሪያ ስቴኪኒ ነው። በአጉሊ መነጽር እያየሽ በእንጨቱ ጫፍ በስሱ ንኪው።

ጠንካራ፣ ለስላሳና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ከሆነ፣ እንጨቱም ካልላጠው፣ የተረጋጋ ነው። ሳንቲሙ ለራሱ የሠራው ልብስ በይው። ተይው።

የሚያጣብቅ፣ ሰም የመሰለ ከሆነ ከቅባትና ከመዳብ የተሠራ ነው። የማርትሬዛሽ ፊደሎች ሥር ያለው ይህ ይመስለኛል። በስንት እጅ የዞረ ሳንቲም ነው። ቅቤ የተቀቡ እጆች፣ ላብ ያለባቸው እጆች፣ የቆዳ ከረጢት ቅባት ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ንጹሕ አሴቶን ያለሰልሰዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ሽቶና ቅባት ስለሚጨመርበት። አሴቶን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ምድጃ ወይም ከሰል ካለበት አርቀሽ፣ መስኮት ከፍተሽ ሥሪ። ሳንቲሙን በመስታወት ዕቃ ዘፍዝፈሽ የለሰለሰውን በስቴኪኒ አንሺ። ጨርቅ አታሽበት።

ሦስተኛው ነው የሚያስፈራኝ። ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ እንጨቱ ሲነካው ይረግፋል፣ ሥሩ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይታያል። ከመዳብ ሳንቲሞችሽ መካከል አንዱ 10 ሳንቲም፣ ከአንበሳው እግር አጠገብ፣ ይህን የመሰለ ነገር አለው። ይህ የጨው ሥራ ነው። ከላብ ወይም ከአፈር የመጣ ክሎሪን መዳቡ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። እርጥበትና አየር ሲያገኝ ይነሳል፣ መዳቡን ይበላል፣ ዱቄት ያወጣል። ክፋቱ ክሎሪኑ አለማለቁ ነው። አንዱን ቦታ በልቶ ሲጨርስ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ዱቄቱን ጠርገሽ "ጸዳ" ብትይ በክረምት ተመልሶ ይመጣል። በነገራችን ላይ ድሮ ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው በአንድ ገበያ አብረው ገንዘብ ሆነው ይዞሩ ነበር። ማርትሬዛው ለትልቁ፣ አሞሌው ለዝርዝሩ። በአንድ ጭነት፣ በአንድ ከረጢት ሲጓዙ የኖሩ ብሮች ላይ የጨው ምልክት ቢገኝ አይደንቀኝም። ብር ላይ ግን የጨው ምልክት አረንጓዴ ብቻ አይደለም። ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ሰም የመሰለ ንብርብርም ይሆናል።

ሮዝ የሆነው ማርትሬዛ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው። "ብሩ ተልጦ መዳቡ ወጣ" ብላችኋል። አልተላጠም። የሆነው እንዲህ ነው። ሎሚው ከመዳብ ሳንቲሞቹ ላይ ያለውን ዝገት አሟሟ። ፈሳሹ ውስጥ መዳብ ገባ። ጣሳው ደግሞ ብረት ነው። ብረት፣ መዳብ ያለበት አሲድና ብር አንድ ላይ ሲገናኙ ብረቱ ይሟሟል፣ መዳቡ ከፈሳሹ ወጥቶ ብሩ ላይ ይለጠፋል። ሳታውቁት በቤት ውስጥ ማርትሬዛውን በመዳብ ለበጣችሁት። ማስረጃው አሁንም ቦታው ነው። ጣሳውን ነክቶ የተኛው የንስሩ በኩል በጣም ሮዝ ነው፣ የንግሥቲቱ በኩል ግን ነጣ ያለ ነው። ሽፋኑ በጣም ስስ ስለሆነ ባለሙያ ሊያነሳው ይችላል። አሁን የሚያስፈልገው የቀረውን ሎሚ ማስወጣት ነው። በንጹሕ የተጣራ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘፍዝፊው፣ ሳታሺ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂው። እባክሽ በአመድ እንዳትፈትጊው።

የአመድን ነገር ከራሴ ነው የማውቀው። ወጣት ሳለሁ አንድ የምኒልክ ሩብ ብር በአመድና በሎሚ አሸሁ። እንደ መስታወት አበራ። በማግስቱ በአጉሊ መነጽር ሳየው የአንበሳው ጋማ ጸጉር ጠፍቶ በቦታው የጭረት መዓት ነበር። እስከ ዛሬ አለኝ። ሳንቲሙን ካበላሸሁት በኋላ ያስመለሰው ነገር የለም። የአክሱም ዘመን ሳንቲሞች ላይ ደግሞ ጥፋቱ ይብሳል። የአክሱም ነገሥታት አንዳንድ የነሐስና የብር ሳንቲሞቻቸውን በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ በስስ ወርቅ ያስጌጡ ነበር። ወርቁ አረንጓዴው ዝገት ሥር ተደብቆ ይቆያል። የፈተገው ሰው ዝገቱን ከነወርቁ ያነሳዋል።

25 ሳንቲሙ ዘንድ ስደርስ ፈገግ አልኩ፣ ምክንያቱም እውነተኛ ታሪክ ይዟል። የጃንሆይ ዘመን 25 ሳንቲም መዳብ ነው። 50 ሳንቲሙ ግን 7 ግራም ያህል የሚመዝን ብር ነው። መጀመሪያ ላይ 25 ሳንቲሙ ክብ ሆኖ ሲወጣ ስፋቱ ከ50ው ጋር ተቀራረበ። ሰዎች መዳቡን በብር እየለበጡ እንደ 50 ሳንቲም መስጠት ጀመሩ። በዚህ ምክንያት ክቡ 25 ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ ያለው ሆኖ ተሠራ። ያንቺው ክብ ነው፣ ላዩ ብር ነው፣ ጉንጩና ትከሻው ላይ ግን ቀልቷል። ልባጥ ሁልጊዜ የሚጠፋው እጅ ከሚነካው ከፍ ያለ ቦታ ነው። ሰው የለበጠው መሆኑ አያጠራጥርም፣ ከዚያ ዘመን ማታለያ አንዱ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ከሁሉም አስበልጬ የምጠብቀው እሱን ነው። የጃንሆይ ሳንቲም ላይ 1936 ስለተጻፈ ደግሞ ሁልጊዜ በዚያ ዓመት ተመታ ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ያንኑ ዓመት ይዘው ተመተዋል።

ይህንኑ ከፍ ያለ ቦታ የማየት ዘዴ ማርትሬዛዎቹ ላይ ሞክሪ። የንግሥቲቱ ትከሻና የንስሩ ደረት ላይ ቢጫ ከወጣ በብር የተለበጠ ናስ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ከላክሽው ፎቶ ውስጥ እንዲህ ያለ አላየሁም። በሚዛን ግን ማረጋገጥ ትችያለሽ። 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ፈልጊ። ሳንቲሙን መዝኚ። ከዚያ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ ወደ ዜሮ መልሺው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረሽ ውኃው ውስጥ አንጠልጥይው፣ ታቹንና ጎኑን እንዳይነካ። ሚዛኑ አሁን የሚያሳይሽ ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ነው። የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍይው። እውነተኛ ማርትሬዛ 10.2 አካባቢ ይሰጣል። 28 ግራም የሚመዝነው ውኃ ውስጥ 2.75 ገደማ ያነባል ማለት ነው። ናስ ከሆነ 3.3 ገደማ ይሆናል። ዱቄት የሚያወጣውን 10 ሳንቲም ግን ውኃ እንዳታስነኪው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ሁሉም ማርትሬዛ ላይ 1780 ተጽፏል፣ በፈረንጆች ማለት ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በቬኒስ፣ በሚላኖ፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ተመቷል። ስለዚህ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ቢመስልሽ ፎርጅድ ነው ብለሽ አትደምድሚ። አያቶቻችን በገበያ የደረቷን ጌጥ ዕንቁዎች እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት። ቀለም አይተው አልነበረም።

ገበያ ላይ ሆን ተብሎ የጠቆረ ሳንቲምም አለ። ድኝ ባለው ፈሳሽ ነክረው "የጥንት ነው" ይላሉ። እሱን የሚያጋልጠው ቦታ የሌለው ቀለም መሆኑ ነው። ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም እኩል ጥቁር ነው፣ ወይም ከቢጫ ዘሎ በአንዴ ሰማያዊ ውስጥ ይገባል። ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ አሴቶን የነካ ጥጥ ይጠቁራል።

አሁን ምን ታደርጊ? ዛሬውኑ 10 ሳንቲሙን ከሌሎቹ ለይው። ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚመጡት እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አሉ አይደል? ከእነሱ ሁለት ሦስቱን ከሳንቲሙ ጋር ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አድርጊ። እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ሲሆን በሽታው ይተኛል። ጨርሶ የሚያክመው ግን የብረት ቅርስ ጥበቃ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሌሎቹን ከዚያ አልበም አውጪያቸው። ፎቶው ላይ ለስላሳ ላስቲክ ኪሶች ውስጥ እንዳስገባሻቸው አይቻለሁ። አዲስ የጠረጴዛ ላስቲክ የሚሸት ከሆነ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። በጊዜ ብዛት አሲድ ይለቅና የሚያጣብቅ አረንጓዴ ያወጣል። እያንዳንዱን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለሽ፣ በደረቅ የእንጨት ያልሆነ ሳጥን፣ ከማዕድ ቤት ርቆ አስቀምጪ። ስታነሻቸው በጠርዛቸው ያዢ። ላስቲክ አትሰሪባቸው፣ ሱፍ ውስጥ አትክተቻቸው።

የነጠላውን ቁራጭ ደግሞ እንዳትጥይው። ለብቻው በወረቀት ጠቅልይውና ከአላዱ ፎቶ ጋር አኑሪው። አላዱ ላይ ያለው የክር አሻራ የዚያ ጨርቅ ነው፣ አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጫቸው አሻራው ከጨርቁ ድርና ማግ ጋር እየተዛመደ ታይዋለሽ።